የእናቴ ቋጠሮ ከሸራው በታች

«እሑድ እኔም እገባለሁ።»

እናቴ ይህን ያለችው ዛሬ ጠዋት የፋብሪካው ሰርቪስ እንዳያመልጣት እየተጣደፈች፣ አንድ ጫማዋን አድርጋ ሌላውን በእጇ ይዛ ነው። እኔ ሻዬን ይዤ ደጃፉ ላይ ቆሜ ነበር። «የት ነው የምትገቢው?» አልኳት። እያወቅኩ ነው የጠየቅኳት፤ ደግማ እንድትለው ፈልጌ።

«ውሃው ውስጥ ነዋ! አንቺ በምትገቢበት። ምነው፣ ለኔ ይጠበኛል?» ብላ ጫማዋን አጥልቃ ወጣች።

ጮህኩ። ወላሂ ጮህኩ። ጎረቤታችን ግድግዳውን እየደበደበች «ምንድን ነው? ሰላም ነው?» አለች። «ሰላም ነው! እማ ውሃ ልትገባ ነው!» አልኳት። «ታዲያ ዛሬ ገና ነው እንዴ የምትታጠበው?» አለችኝ።

ለጎረቤታችን ዜና ላይሆን ይችላል። እኔ ግን ክረምቱን ሙሉ ይህችን ቃል ስጠብቅ ነው የከረምኩት። ወደ ውሃው መመለስ አለመመለሴ በእናቴ እጅ ነበር፤ የእናቴ እጅ ደግሞ አንድ ክር ይዞ ተጨብጦ ቀርቶ ነበር። ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ ብዙ ዓመት ጠላቂ ሆኖ ሠርቷል፤ ከውሃ በታች የመርከብ ሆድ ይፍቅ ነበር። ሌላው ሰው ከዚያ ሲመለስ ቴሌቪዥንና ምንጣፍ ይዞ ይመጣል። እሱ የአየር ሲሊንደሮች፣ አንድ ጩኸታም የአየር መሙያ ሞተርና ጎማ ጎማ የሚሸት ሻንጣ ይዞ መጣ። እናቴ ሻንጣውን ከፍታ አየችና «ወንድሜ፣ ደሴ ባሕር ያለ መስሎህ ነው?» አለችው።

«ባሕር ባይኖር ገንዳ አለ» አላት።

ገንዳው ኮምቦልቻ፣ አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ ነው። ደሴ፣ ከሰፈራችን ከሆጤ ተነስተን፣ የሐረጎን ቁልቁለት ጠምዘዝ ጠምዘዝ እያልን ስንወርድ ጉሙና ብርዱ ከኋላችን ይቀራል፤ ኮምቦልቻ ስንደርስ ሹራቤን አውልቄ ወገቤ ላይ አስረዋለሁ። መጀመሪያ መዋኘት፣ ቀጥሎ ከውሃ በታች መተንፈስ የተማርኩት እዚያ ነው። እናቴ የጎማውን ልብስ ለብሼ ያየችኝ ቀን ዙሪያዬን ዞረችኝ። «መሸፈኑንስ ሸፍኗል፤ መጣበቁ ነው እንጂ» አለችና ከላይ የምደርበው የአባቴን ሰፊ ቲሸርት አመጣችልኝ። እስካሁን የምጠልቀው እሱን ደርቤ ነው።

መተንፈሻው እንዴት እንደሆነ ካልነገርኳችሁ ቀሪው አይገባችሁም። ከሲሊንደሩ የሚነሳ አንድ ቱቦ በቀኝ ትከሻ ላይ ያልፋል። ጫፉ ላይ ቡጢ የሚያህል ክብ ነገር አለ። እሱ ላይ በጥርስ የሚነከስ ለስላሳ ጎማ ይሰካል። ስትስቡ አየር ይሰጣችኋል፤ ስታስወጡ አረፋ ሆኖ ይሄዳል። የክቡን ነገር ፊት በጣት ስትጫኑት ደግሞ ሳትስቡት ራሱ አየር ይተፋል። ጎማውን ከክቡ ነገር ጋር አጥብቃ የምትይዘው አንዲት ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ናት። ዓይን የማትሞላ ነገር።

አጎቴ ከሁሉ አስቀድሞ ያስተማረኝ መተንፈሻው ከአፌ ቢወጣ ምን እንደማደርግ ነው። ትንፋሽን አለመያዝ፣ ትንንሽ አረፋ መልቀቅ። ቀኝ እጅን ወደ ጭን፣ ከዚያ ወደ ኋላ፣ ከዚያ ሣር እንደሚያጭድ ሰው ዙሪያውን ማምጣት። ቱቦው ክንድ ላይ ይወድቃል።

«ባይወድቅስ?» አልኩት።

«ወደኔ ትመጫለሽ። እኔ ላይ ትርፍ መተንፈሻ አለ።»

«አንተ ሩቅ ከሆንክስ?»

«እኔ ሩቅ አልሆንም» አለኝ።

ክረምቱ ሲገባ የኔ ማሰሪያ ደርቃ ተሰነጠቀች። አጎቴ ጅቡቲ ለሚመላለስ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ሌላ እንዲያመጣለት ነገረው። ሹፌሩ ቆየ። አጎቴ ሳሎን ቁጭ ብሎ ጎማውን እያገላበጠ ሲነጫነጭ እናቴ ሰማችው።

እናቴ ኮምቦልቻ ክር ፋብሪካ ነው የምትሠራው። ሥራዋ የተበጠሰውን መቀጠል ነው። ክር ሲበጠስ ሁለቱን ጫፎች ይዛ፣ ዓይኗን እንኳን ሳታሳርፍበት ትቋጥራለች፤ ከዚያ የተረፈውን ጭራ ከሥሩ ትቆርጠዋለች። ጭራው ከረዘመ ማሽኑ ውስጥ ይጠላለፋል፤ ቢያልፍም ጨርቁ ላይ እባጭ ሆኖ ይወጣል፤ አለቃውም በቋጠረችው ሠራተኛ ላይ ይጮኻል። እሷ ላይ ግን ማንም ጮኾ አያውቅም። «የኔ ቋጠሮ በጣት አይታወቅም» ትላለች፤ ሌላ ሰው ስለ ልጁ ውጤት እንደሚያወራው።

«ለዚች ነው እንዴ እንዲህ የምትሆነው? አምጣት ወዲህ» አለችው። ነጭ ክር አወጣች። ጎማው ላይ ደጋግማ ጠመጠመችው፣ ቋጠረችው፣ ጭራውን በመቀስ ከሥሩ ቆረጠችው። አጎቴ ጎተተው። ነቀነቀው። ነክሶም ሞከረው። ንቅንቅ አላለም።

«ማሻአላህ! እህቴ፣ አንቺ ጅቡቲ ብትሆኚ መርከቡን ሁሉ ታስሪው ነበር።»

«አንተን ነው ማሰር ያቃተኝ» አለችው። ሚስት አግባ እያለች ስትለምነው ቆይታለች።

ሆቴሉ በክረምት ገንዳውን አይጠቀምበትም። ቅጠልና ጭቃ እንዳይገባበት ሰማያዊ ሸራ አልብሰው ዙሪያውን በገመድ ያስሩታል። ጥልቁ ጋ ያለው ሴራሚክ እየተላቀቀ ስለነበር አጎቴን ውሃውን ሳያፈስ እንዲለጥፍላቸው ለመኑት። እኔ ሴራሚኩን ከመሰላሉ እያነሳሁ ላቀብለው ተስማማን።

የሆቴሉ ጥበቃ ሽማግሌ ናቸው። ሸራውን ራሳቸው ነው ያሰሩት፤ ሲፈታ ማየት ያማቸዋል። «ሁሉን ከፈታችሁት ማን መልሶ ያስረዋል? ወገቤን እንደሆነ ክረምቱ ይዞታል» አሉ።

«ግድ የለም አባባ፣ መሰላሉ ጋ ያለችውን ጥግ ብቻ ይፍቱልን» አላቸው አጎቴ።

ጥጓን እየፈቱ ወደኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ከታች ወርቅ ካገኘሽ ግማሹ የኔ ነው።»

«ሙሉውን ይውሰዱት አባባ» አልኳቸው።

ስንገባ ያምር ነበር። ሸራው ሰማያዊ፣ ብርሃኑ ሰማያዊ፣ እጄ ሰማያዊ። በውሃውና በሸራው መካከል ጭንቅላት ብቅ የሚያደርግ ክፍተት ነበረ። ሴራሚኩን አቀብዬው ስመለስ፣ ደግሜ ሳቀብል፣ የአጎቴ ማጣበቂያ ውሃውን እያደፈረሰው ሄደ። ውሃው የወተት ሻይ መሰለ። መጨረሻ ላይ አጎቴን ማየት ትቼ መዶሻውን ብቻ ነበር የምሰማው።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። የክረምት ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ታውቁታላችሁ። ከሸራ በታች፣ ከውሃ በታች ሆናችሁ ስትሰሙት ግን ሌላ ነው፤ ከጆሮ አይመጣም፣ ከደረት ነው የሚመጣው። ቀና ብዬ ሳይ ክፍተቱ የለም። ዝናቡ ሸራው ላይ ተጠራቅሞ፣ አርግቦ፣ ከገንዳው ውሃ ጋር አጣብቆታል። በሁለት እጄ ገፋሁት። እንደ እርጉዝ ላም ሆድ ከብዶ መልሶ ገፋኝ።

ከላዬ መውጫ የለም ማለት ነው። ያለችው ያቺ ጥግ ብቻ ናት፤ እሷም ከኋላዬ ናት። አጎቴ ከፊቴ ነው። እኔ መሀል።

ልመለስ ብዬ አንገቴን ሳዞር ቱቦው ተሳበ። አፌ ውስጥ የሆነ ነገር ቀለለኝ። ስስብ የመጣው ውሃ ነው።

ግራ የገባኝ ምን መሰላችሁ? ጎማው አፌ ውስጥ ነበር! መተንፈሻው ከአፍ ሲወጣ ነው የተማርኩት። የኔ አልወጣም፤ ጥርሴ ይዞታል፤ ምላሴ ይነካዋል። ስለዚህ ይበልጥ ነከስኩት። ደግሜ ሳብኩ። ውሃ። ሳልኩ፤ ውሃ ውስጥ ስትስሉ ደግሞ ሳሉ ሌላ ውሃ ይጠራል። ሸራው ወደኔ እየወረደ፣ ወለሉ ወደኔ እየወጣ፣ ገንዳው በሙሉ እኔን ልክ አድርጎ የተሰፋ ልብስ እየሆነ መሰለኝ። ሰማያዊው ጠቆረ። እናቴን አሰብኳት፤ ስለ ሞት ሳይሆን፣ ቤት ውስጥ መቀሱን ስታስቀምጥ የሰማሁትን ድምፅ። ለምን እሱ እንደመጣብኝ አላውቅም።

ያኔ ከቀኝ ትከሻዬ ኋላ አረፋ አየሁ። ብዙ አረፋ፣ ብር የመሰለ፣ እየተንደቀደቀ ሸራውን ሲመታ። ክቡ ነገር ነው። ከጎማው ተላቆ ከኋላዬ ተንጠልጥሎ አየሩን በነፃ ይበትነዋል። አየሩ አለ ማለት ነው! እኔ ጋ አይደለም እንጂ አለ። የነከስኩት ባዶ ጎማ ነው።

መትፋት ነበረብኝ። መንጋጋዬ ግን እምቢ አለኝ። ተከፈት እለዋለሁ፣ አይከፈትም። ሸራው ከላይ ዘግቶብኛል፣ እኔ ደግሞ ከውስጥ ዘግቻለሁ። ስትሰሙት ቀላል ይመስላችኋል፤ እኔ ግን እስካሁን ከምንም በላይ የከበደኝ ሥራ ያችን ቁራጭ ጎማ መልቀቅ ነው። እንዴት እንደለቀቅኳት አላስታውስም። ብቻ ከፊቴ እየተገለባበጠች ወደ ታች ስትሄድ አየኋት።

እጄ ወደ ጭኔ ሄደ። ወደ ኋላ። ዙሪያውን። ቱቦው ክንዴ ላይ ወደቀ፤ አጎቴ እንዳለው። ክቡን ነገር አፌ ላይ ለጠፍኩት። ጎማ የለውም፤ የፕላስቲኩ ጠርዝ ከንፈሬን ቆረጠው፤ በከንፈሬ ዙሪያውን ዘግቼ ፊቱን በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። ውሃውን ጠርጎ አየር ገባ። እየሳልኩ ሳብኩ፣ ሳብኩና ሳልኩ። ጎማ ጎማ የሚል፣ ደም ደም የሚል አየር። እንደዚያ ጣፋጭ ነገር ቀምሼ አላውቅም።

አጎቴ ዘንድ ልሂድ ብል አላየውም። ስለዚህ በአንድ እጄ መተንፈሻውን አፌ ላይ ይዤ፣ በሌላው እጄ ወለሉ ላይ ያለውን የሴራሚክ መስመር እየዳሰስኩ ወደ መሰላሉ ዞርኩ። መስመሩ አይጠፋም፤ በጣት ይታወቃል። ትንሽ እንደሄድኩ እግሬን አንድ ነገር ያዘኝ፤ አጎቴ ነው። ዓይኑ ከመነጽሩ ሊወጣ ደርሷል። ትርፉን መተንፈሻ አቀበለኝ። ራሴን ነቀነቅኩ፤ አልፈልግም። ያገኘሁትን አየር ለሌላ አየር ልለቅ አልቻልኩም። ገባው። የሲሊንደሬን ማንገቻ በእጁ ጨብጦ ከጎኔ ሆኖ ወሰደኝ።

ጥጓ ጋ ብቅ ስንል ጥበቃው ጃንጥላ ይዘው ቆመዋል። «ጨረሳችሁ? ወርቁስ?» አሉኝ። ከዚያ ከንፈሬን አዩት፤ ጃንጥላውን ጥለው በሁለት እጃቸው ጎትተው አወጡኝ። ወገባቸው ያን ጊዜ አልታመመም።

አጎቴ ጠርዙ ላይ ተቀመጠ። ሸራውን በሙሉ ፈታው፣ ከዚያ ተመልሶ ገባና ጎማውን ፈልጎ አወጣው። ክሩ ግማሹ ተተርትሮ ተንጠልጥሏል።

ሚኒባሱ ሐረጎን ሲወጣ «አትንገሪያት» አለኝ በጆሮዬ።

«ምን ልበላት ታዲያ?»

«ጎማው አርጅቶ ነበር በያት። ውሸትም አይደለም።»

ምንም ማለት አላስፈለገም። በሩን ከፍታ ከንፈሬን ስታይ «ምን ነካሽ?» አለች። አጎቴ «ጎማው...» ብሎ ሲጀምር እጇን ዘረጋችለት። «አምጣው።»

ክሩን በሁለት ጣቷ መሀል አሳለፈችው። ጫፉ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ጭራውን ከሥሩ ነው የቆረጥኩት» አለች።

«እህቴ፣ እኔም እኮ ጎትቼ አይቼዋለሁ።»

«አንተ ደረቁን ነው የጎተትከው። ጨርቅ ውስጥ ሲገባ ግራና ቀኝ ያሉት ክሮች ይይዙታል። እዚህ ማን ይይዘዋል? ውሃው ነው የሚይዘው?» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ክሩን ጨብጣ ወደኔ ዞረች። «ከዛሬ ጀምሮ ውሃ የለም።»

በዚህ ዓመት ክረምቱ ሆጤን አልለቀቀም። ጉሙ ጠዋት ከመስኮቱ ይጀምርና ከሰዓት በኋላም እዚያው ነው። መንገዱ ጭቃ። እናቴ ከሥራ ስትመለስ መጀመሪያ የምታየው ከንፈሬን ነው፤ ከዳነም በኋላ ታየዋለች። ስለ ውሃ ካነሳሁ ከክፍሉ ትወጣለች። ቤቱ ራሱ ሸራ ለበሰ።

አንድ ቀን ወደ ፒያሳ በባጃጅ ስሄድ ዝናብ ስለነበር ሹፌሩ በግራና በቀኝ ያለውን ሸራ አውርዶ ቆልፎታል። ሰማያዊ ነው። ትንፋሼ ቆመ።

«ወንድም፣ በአላህ ሸራውን ግለጥልኝ።»

«ዝናብ ነው እኮ!»

«ልበስብስ፣ ግድ የለም።»

«ሻወር ከፈለግሽ ባጃጅ ምን ያደርግልሻል?» አለኝ፤ ግን ገለጠልኝ። ፒያሳ ስንደርስ ግማሽ ጎኔ ብቻ ረጥቦ ነበር። እንደዚያ ሆኜ ስወርድ አንድ ነገር ገባኝ፤ የምፈራው ውሃውን አይደለም። የመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ከሸራ በታች ስለሆነ ነው። ካልተመለስኩበት እንደተከደነ ሊቀርብኝ ነው።

ይህንኑ ለእናቴ ነገርኳት። ወጥ እያማሰለች ነበር። በዚህ ጊዜ ግን ከክፍሉ አልወጣችም።

ከዚያ በኋላ አንድ ከሰዓት፣ ከፈረቃ ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳን ሳታስቀምጥ «ያንን ነገር አምጪው» አለችኝ። የአጎቴ ዕቃ እኛ ቤት ነው የሚቀመጠው። ሹፌሩ አዳዲስ ማሰሪያዎችን አምጥቶ አጎቴ ጎማዎቹን በሁለት በሁለት አጥብቆባቸዋል። እናቴ ጎማውን ይዛ ሰውነቷ እስኪያዘነብል ጎተተችው። «አሁን ያደረግሽውን አሳዪኝ» አለች።

ምንጣፉ ላይ ተንበርክኬ አሳየኋት። አልበቃትም። ሻሿን ፈታ ዓይኔን አሰረችኝ። «ፋብሪካ እንደገባን እኛንም ዓይናችሁን ተዉት፣ ጣታችሁ ይወቅ ይሉን ነበር» አለች። ቱቦውን ከኋላዬ ትደብቀዋለች፣ ከሥሬ ታደርገዋለች፣ አንዳንዴ ሲሊንደሩ ላይ ትጠመጥመዋለች። «ፈልጊው። ቶሎ። ኧረ ቶሎ! ማሽኑ ቆሟል!» ትለኛለች። በየቀኑ ከሥራ ስትመለስ እንደዚህ ሆነ። እጄ እኔን መጠየቅ እስኪተው ድረስ።

አንድ ቀን የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ውሃ ሞልታ መሀል ሳሎን አስቀመጠችው። ለኔ መስሎኝ ነበር። «ለኔ ስጪኝ እስቲ» አለች። ጎማውን ነከሰች፤ በጎማው ውስጥ «ቢስሚላህ» ስትል ሰማኋት፤ ፊቷን ነከረች። ሳፋው ተንደቀደቀ። ቆየች፤ ከጠበቅኩት በላይ ቆየች። ስትወጣ ውሃው ከሒጃቧ እየተንጠባጠበ፣ ዓይኗ እንደ ሕፃን ፈጦ «ያ ረቢ! ይተነፈሳል እኮ!» አለች።

እኔ ሳቅ ገደለኝ። እሷም ሳቀች፣ ከዚያ አገጯን እያበሰች «ያሰርኩት ነገር ምን እንደሚሠራ ሳላውቅ ነው ያሰርኩት» አለች። እሺ አላለችኝም። እኔም አልጠየቅኳትም። ዛሬ ጠዋት ግን ጫማዋን በእጇ ይዛ የነገርኳችሁን አለች።

እና ይኸውላችሁ። ሸራው ተነስቷል። አጎቴ ሆቴሉን ለምኖ፣ ከፊታችን እሑድ ጀምሮ እሑድ እሑድ ጠዋት ገንዳው ለሴቶች ብቻ ይሆናል። አጎቴ ዕቃውን ጠርዙ ላይ ደርድሮ፣ አየሩን ሞልቶ፣ ማሰሪያውን ጎትቶ ይወጣል፤ ከውስጥ የምታስተምረው ጅቡቲ አብራው ትሠራ የነበረች ሴት ጠላቂ ናት፤ እኔ ረዳቷ ነኝ። ጥበቃው በሩ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጣሉ፤ ስለ ወርቁ ከጠየቋችሁ ግማሹን ቃል ግቡላቸው። የመጀመሪያው ትምህርት መተንፈስ አይደለም፤ ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ መተንፈሻውን ከአፍ አውጥቶ መፈለግ ነው። ኑ። ከደሴ የምትመጡ ሹራብ ይዛችሁ ውረዱ፣ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ታወልቁታላችሁ። ቅያሪ ልብስና ፀጉራችሁን የምታስሩበት ሻሽ አትርሱ፤ ሻሹ ለዓይናችሁም ይሆናል። መዋኘት አለመቻላችሁ አያሳፍራችሁ፤ እናቴም አትችልም። ጥልቀት የሌለው ጎን ላይ ግድግዳውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ሰፊ ቲሸርት ለብሳ፣ ሁሉንም «ቶሎ በሉ፣ ማሽኑ ቆሟል!» እያለች የምትጮኽ ሴት ካያችሁ እሷ ናት። ከጎኗ ቁሙ፣ ቦታ አለ።